በግድግዳው ላይ የቀረው ጥላ

በር ጠባቂዋ ሃሊማ የመምህር ሀብቴን አስከሬን ያገኘችው የሳይንስ ቤቱን ለመዝጋት መስኮት እየዘጋች ስትዞር ነው። ነሐሴ 2005 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ። ቡታጅራ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ነበር የዋለው። የጥላ ክፍሉን ጥቁር መጋረጃ ገለጥ አድርጋ «ቲቸር፣ ልዘጋ ነው» አለች። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ስትገባ እግሯ የሰው እጅ ነካ።

ፖሊስ ጣቢያ የደረሰችው አንድ ጫማዋን ጭቃ ውስጥ ጥላ ነበር።

የከተማው ሰው ቤቱን «የቲቸር ሀብቴ ቤት» ይለዋል። መምህር ሀብቴ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ትዕግስት በ2001 ዓ.ም. በቆሼ መንገድ ላይ በመኪና ተገጭታ ከሞተች በኋላ ጡረታ ወጡ፤ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ጠይቀው ወሰዱና በመሣሪያ ሞሉት። ቤቱ ውስጥ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ የለም። ልጆች ይነካሉ፣ ይጎትታሉ፣ ያሽከረክራሉ፤ ወላጆችም መጀመሪያ ቆመው ያዩና ቆይተው እነሱም ይነካሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ከነቤተሰቡ ይመጣል። ያን ቅዳሜ ግን ዝናቡ ሰውን ከቤቱ አላስወጣውም ነበር።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር ትርንጎ ነበረች። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ከሳጅን አሚኑ ጋር ስትደርስ መምህር ሀብቴ በጀርባቸው ተዘርግተው ነበር። የራስ ቅላቸው ክፍሉ ውስጥ የቆመውን ትልቅ መብራት የብረት እግር መትቷል። ከአዳራሹ በስተጓሮ በኩል ያለው በር ገርበብ ብሏል።

በማግስቱ ሐኪሙ የነገራት ነገር ከሁሉ በላይ ከነከናት። ሰውየው ደረታቸው ላይ በሁለት እጅ ተገፍተው ነው የወደቁት። ወዲያው ግን አልሞቱም። ከሩብ ሰዓት በላይ፣ ምናልባትም ግማሽ ሰዓት ያህል፣ በሕይወት ቆይተዋል።

«ሰው ቢደርስላቸውስ?» አለች ትርንጎ።

«ሊተርፉ ይችሉ ነበር» አለ ሐኪሙ።

ሃሊማ ለትርንጎ የሰጠችው ቃል አጭር ነበር። የምትቀመጠው በዋናው በር አጠገብ ካለችው ትንሽ ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ የገባው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው፤ የበርበሬ ነጋዴው አብዱልሃፊዝ፣ ሚስቱ ባሂራና የአሥር ዓመት ልጃቸው ኡሚ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገቡ፤ አሥር ሰዓት ላይ ወጡ። በመሃል መብራት ጠፍቶ ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናቡ ስለሚጮህ ከውስጥ ምንም አልሰማችም። የጓሮው በር ወደ ማን ይወስዳል ተብላ ስትጠየቅ ዓይኗን ሰበረች። ወደ ራምዚ የብየዳ ቤት ነው የሚወስደው።

ራምዚ የቤቱን መሣሪያዎች በሙሉ በእጁ የሠራ ሰው ነው። በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ በከተማው በቁመቱ የሚታወቅ። ዐርብ ዕለት ከመምህር ሀብቴ ጋር ተጣልተው እንደነበር ሃሊማ አልደበቀችም። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ መጥቶ መምህሩን ብቻ አነጋግሮ ነበር፤ ሲተላለፍ የራምዚ ስም አልተጠራም። ራምዚም በንዴት «እኔ የሠራሁትን እኔው አፈርሰዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ትርንጎ እሑድ ረፋድ ላይ ወደ አብዱልሃፊዝ ቤት ሄደች። ሰውየው በትሕትና ተቀበላት፤ ወንበር አቀረበላት፤ ለመምህሩ ነፍስ ዱዓ አደረገ። ቀጭን፣ መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ከመግቢያ እስከ መውጫ ሦስቱም አብረው እንደነበሩ፣ መብራት ሲመጣ መምህሩን አጥተዋቸው ሳይሰናበቱ እንደወጡ ተናገረ። ባሂራም መሬት መሬት እያየች ያንኑ ደገመች።

ትርንጎ ልትነሣ ስትል ኡሚ ከእናቷ ኋላ ብቅ አለች።

«ግድግዳው ላይ ሰውዬ ነበር» አለች።

አባቷ ልጅ ናት፣ ጨለማው አስፈርቷት ነው አለ። ትርንጎ ግን ተመልሳ ተቀመጠችና ምን ዓይነት ሰውዬ እንደሆነ ልጅቷን ጠየቀቻት። ኡሚ ሳትቸኩል ነገረቻት። መብራት እንደመጣ እየሮጠች መጋረጃውን ገልጣ ገብታ ነበር። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ግድግዳው ግን አረንጓዴ ያበራል። በመሃሉ ጥቁር ሰው ቆሟል። ራሱ ጣሪያውን ነክቷል። ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል፤ ጣቶቹ እንደ ቅርንጫፍ ረጃጅም ናቸው። ዞር ብላ ስታይ ግን ክፍሉ ውስጥ የቆመ ሰው የለም። ግድግዳው ላይ ብቻ ነው ያለው።

«አልተንቀሳቀሰም?»

«አልተንቀሳቀሰም። ግን እየጠፋ ነበር። ወደ ውስጥ እየገባ። ከዚያ አባዬ መጥቶ አቅፎ አወጣኝ።»

ልጅቷ ይህን ስትናገር አልፈራችም። የፈራችው ትርንጎ ነበረች። ጣቢያ እስክትደርስ ድረስ ከኋላዋ ሰው የሚከተላት እየመሰላት ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች።

ሳጅን አሚኑ ነገሩ አልከበደውም። ጣሪያ የሚነካ ሰው በቡታጅራ አንድ ነው። የጓሮው በር ክፍት ነበር፤ ጠብም ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ራምዚ ተያዘ። የት ነበርክ ሲባል ብየዳ ላይ ነበርኩ አለ። አሚኑ መብራት ሳይኖር እንዴት ትበይዳለህ ሲለው አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ስለ መምህሩ ሲጠየቅ ብቻ ዓይኑ እንባ ይሞላል እንጂ ከአፉ ቃል አይወጣም።

ሰኞ ትርንጎ ብቻዋን ወደ ሳይንስ ቤቱ ሄደች። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ከጣሪያው ጠርዝ ግን ውሃው ገና ይንጠባጠባል። በአዳራሹ በሁለቱ ጫፍ ሁለት ትልልቅ አሮጌ የቴሌቪዥን ዲሾች ፊት ለፊት ይተያያሉ። ጠመዝማዛ መስተዋቶች አሉ፤ አጠገባቸው ስታልፍ አንገቷ ረዘመ፣ ከዚያ ራሷ ጠፋ። ሰው የሌለበት ያ ሁሉ መሣሪያ ቆሞ የሚጠብቃት መሰላት።

የጥላ ክፍሉ ግድግዳ ብርሃን በሚይዝ ቀለም የተቀባ ነው። ከፊቱ እንደ ፎቶ ካሜራ ብልጭ የሚል ትልቅ መብራት ቆሟል፤ ማብሪያው በረጅም ሽቦ የተንጠለጠለ ነው። ትርንጎ ግድግዳው ሥር ቆማ ማብሪያውን ተጫነችው። ጧ! ዓይኗ ታወረ። ማየት ስትጀምር ግድግዳው በአረንጓዴ ብርሃን ተሞልቷል፤ ጥላዋ ከአጠገቧ አለ። ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለች። ጥላው አልተከተላትም። ቆሞ ቀረ።

የቀለሙ ሥራ መሆኑን እያወቀች እንኳ፣ ከራሷ ተለይቶ የቆመውን ያን ጥቁር ቅርጽ ማየት ከበዳት።

ቀጥላ ወደ መብራቱ ተጠጋች፤ እጇን ሊነካው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ዘርግታ ማብሪያውን ተጫነችው። ዞር አለች። ጣሪያ የነካ ሰው፣ ቅርንጫፍ የመሰሉ ጣቶች። እሷ ከሴት እንኳ አጭር የምትባል ናት።

ሰዓቷን አየች። ጥላው ቀስ በቀስ ወደ ግድግዳው ውስጥ እየገባ ሄደ። በስምንተኛው ደቂቃ የለም።

ትርንጎ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቁመቱ ምንም አይናገርም፤ መብራቱን የተጠጋ ሁሉ ግዙፍ ነው። የሚናገረው ሰዓቱ ነው። መብራት የጠፋው ከዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ጀምሮ ለአሥር ሰዓት አሥር ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ ነው። ኡሚ ጥላውን ያየችው መብራት እንደመጣ ነው። ያለ መብራት ደግሞ ያ ነገር ብልጭ አይልም። ስለዚህ መምህሩ የተገፉት መብራት በመጣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ልጅቷ መጋረጃውን ስትገልጥም እዚያው ክፍሉ ውስጥ ወድቀው፣ ገና በሕይወት ነበሩ።

ከራምዚ ብየዳ ቤት ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለ። ትርንጎ እዚያ ገብታ የተቀመጡትን ደንበኞች ቅዳሜ መብራት ሲመጣ ምን እንዳዩ ጠየቀች። ያልጠበቀችው መልስ ነበር። ራምዚ ብረት አዘጋጅቶ መብራት ሲጠብቅ ነው የዋለው። እንደመጣ ወዲያው ብየዳ ጀመረ፤ ብልጭታው ዓይናቸውን ስላስቸገራቸው ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። እስከ አሥር ሰዓት ተኩል አላቋረጠም። ዘጠኝ ሰው ይህን መሰከረ።

ራምዚ ሲፈታ ይህን ለምን እንዳልተናገረ ትርንጎ ጠየቀችው።

«መብራት ሲመጣ ወደሳቸው ልሄድ ነበር፤ ልታረቅ» አለ። «ከዚያ ትንሽ ይቆዩ ብዬ ብየዳዬን ጀመርኩ። እሱን ነው የማስበው።»

የጓሮው በር ምንጊዜም ቀን ቀን እንደማይዘጋም ነገራት።

ከውጭ የገባ ሰው ካልታየ፣ በሩ አጠገብ ከነበረችው ከሃሊማ በቀር ቤቱ ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሞተዋል።

ማክሰኞ ትርንጎ ባሂራን ከነልጇ ወደ ሳይንስ ቤቱ አስጠራች። ኡሚ ቅዳሜ የተጫወተችበትን እንድታሳያት ለመነቻት፤ ልጅቷ ደስ ብሏት እየሮጠች ሁለቱን ዲሾች አሳየቻት። «አንቺ እዚያ ሂጂ፣ እኔ እዚህ ነኝ። ጆሮሽን መሃሉ ላይ አድርጊ» አለች። ትርንጎ ወደ አዳራሹ ሌላ ጫፍ ሄዳ ጆሮዋን አስጠጋች። ኡሚ ከሃያ ሜትር በላይ ርቃ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ድምፁ ግን እዚሁ፣ ጆሮዋ ውስጥ፣ ከነትንፋሹ መጣ።

«አባዬ እዚያ አንቺ ያለሽበት ነበር።»

ትርንጎ ካለችበት ሳትንቀሳቀስ በሹክሹክታ መለሰች። አባቷ ምን እንዳላት ጠየቀቻት።

«‹ኡሚ፣ አለሽ?› አለኝ፤ በሹክሹክታ። ቲቸር ከእኔ ጋር ጆሯቸውን አስጠግተው ነበር። ሲሰሙ ተቀመጡ። ታመሙ መሰለኝ። ከዚያ ‹አባትሽ መኪና ይነዳል?› አሉኝ። አዎ፣ አይሱዙ አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«መብራት ጠፋ። ቲቸር አባዬን ጠርተውት ሄዱ። እኔና እማዬ አግዳሚው ላይ ጠበቅን።»

ትርንጎ ቀና ስትል ባሂራ በአዳራሹ መሃል ቆማለች። የተባለውን አልሰማችም፤ የልጇ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ግን አይታለች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ኡሚ፣ በቃ። ቤት እንሂድ» አለች።

ትርንጎ አላስቆመቻቸውም። በማግስቱ ጠዋት በፖሊስ መኪና ተራራውን አቋርጣ ወደ ወልቂጤ ሄደች። የመምህሩ ባለቤት የሞተችበት የቆሼው መንገድ አደጋ መዝገብ ሰው ስላልተያዘበት ወደ ዞን ተልኮ ነበር። መንገዱ ላይ ጉሙ የእንሰቱን አጥር ውጦት ነበር፤ ሾፌሩ አሥር ሜትር አስቀድሞ አያይም። ትርንጎም መዝገቡ ባይገኝ ምን እንደምታደርግ እያሰበች ሄደች።

ተገኘ። መምህር ሀብቴ እግራቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ሳሉ የሰጡት ቃል አንድ ገጽ ተኩል ነው። ከለቅሶ ሲመለሱ፣ ዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከኋላ የመጣ መኪና ሁለቱንም መታቸው። እሳቸው ቦይ ውስጥ ወድቀው ቀና ማለት አልቻሉም። ሾፌሩ ወርዶ ወደ ባለቤታቸው ሄደ። ፊቱን አላዩትም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ትርንጎ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ዝቅ ብሎ በሹክሹክታ ‹አለሽ? አለሽ?› አላት። ባለቤቴ ‹አለሁ› አለችው። በግልጽ ሰምቻለሁ። ከዚያ ተነሥቶ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ድምፁን ብሰማ አውቀዋለሁ።»

በቃሉ ግርጌ የመርማሪው ማስታወሻ አለ። በሹክሹክታ የተነገረን ድምፅ መለየት ስለማይቻል ማስረጃ አይሆንም ይላል።

አብዱልሃፊዝ ሐሙስ ጠዋት ሲጠራ በሰዓቱ መጣ። ትርንጎ አልጮኸችበትም። ስለ ጥላው ነገረችው፤ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ መብራቱ መቼ እንደመጣ፣ ራምዚ የት እንደነበር። እሱ አብረን ነበርን የሚለውን ደገመ። ከዚያ የወልቂጤውን መዝገብ ገልጣ ያቺን ቦታ አነበበችለት።

አብዱልሃፊዝ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አነሣ።

«ልጄ ናት የነገረችዎት?»

«ሁለቱንም ጊዜ የተናገሩት እርስዎ ነዎት» አለችው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ አላስፈለገም። ያን ዕለት ምሽት ከቆሼ በርበሬ ጭኖ ሲመለስ እንደሆነ፣ ሴትየዋ መልስ ስትሰጠው ሰው እልካለሁ ብሎ እንደሄደና እንዳልላከ ተናገረ። ሌላ ሰው መኖሩን አላወቀም ነበር። ቅዳሜ መምህሩ በጨለማው ክፍል ውስጥ አቁመውት ሲያወሩት ማን እንደሆኑ እንኳ መጀመሪያ አልገባውም። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሚስታቸው ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደቆየች፣ ስሙን ሳታውቅ እንዴት ስትጠራው እንደነበር ነገሩት። መብራት መጣ። እሳቸውም ማብሪያውን በእጃቸው ይዘው «ዛሬ አትሄድም፤ ጥላህ እዚህ ይቀራል» አሉት። ሊነጥቃቸው ተወረወረ። ብልጭ አለ። ገፋቸው።

«ከወደቁ በኋላስ?»

አብዱልሃፊዝ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ጠየቅኋቸው» አለ። «እንደዚያን ጊዜው።»

«መለሱልዎት?»

«መለሱልኝ።»

ትርንጎ ከዚህ በላይ ልትሰማው አልቻለችም። ብዕሯን አስቀምጣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ባሂራ እዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ማንም አልጠራትም ነበር። ቃሌን ልቀይር መጥቻለሁ አለች። መብራት ሲመጣ ባሏ ብቻውን ከጥላ ክፍሉ እንደወጣ፣ ልጅቷ ሮጣ ስትገባ ተመልሶ አቅፎ እንዳወጣትና ቶሎ እንውጣ እንዳለ፣ እሑድ ማለዳ አብረን ነበርን በይ ብሎ እንዳስጠናት አንድ በአንድ ተናገረች።

«ኡሚን አታስመስክሩብኝ» አለች። «ያለው ሁሉ እኔ ጋ አለ። እኔ እናገራለሁ።»

ትርንጎ የመንገዱን አደጋ ታውቂ ነበር ወይ አለቻት። ባሂራ ሻርፗን አስተካከለች። መኪናው ከእንስሳ ጋር ተጋጨ ብሎ ነግሯት እንደነበር፣ እሷም አምናው እንደተቀመጠች ነገረቻት።

«አራት ዓመት ሙሉ በእንቅልፉ ‹አለሽ?› ይላል። እኔን የሚጠራ መስሎኝ ‹አለሁ፣ ተኛ› እለው ነበር። ወላሂ፣ እኔን መስሎኝ።»

ትርንጎ የእናትየዋን ቃል በአምስት ገጽ ጽፋ አስፈረመቻት። የልጅቷን ቃል የያዘውን ወረቀት ከመዝገቡ አውጥታ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ሳጅን አሚኑ ይህ ደንብ አይደለም አላት። አውቃለሁ አለችው።

በመስከረም መጀመሪያ ባሂራ ልጇን ይዛ ወልቂጤ ወደሚኖረው ወንድሟ ለመሄድ ተነሣች። ትርንጎ ልትሸኛቸው መናኸሪያ ሄደች። ረዳቱ የመጨረሻውን ሻንጣ ጣሪያ ላይ እያሰረ ነበር። ኡሚ በመስኮቱ በኩል ራሷን አወጣች።

«እትዬ፣ አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?»

ትርንጎ ወደ ባሂራ ተመለከተች። ባሂራ ጣልቃ ገባች።

«እኔ እነግራታለሁ» አለች። «የነገርኩሽን ሁሉ፣ እሷ የተናገረችው እንዳስያዘውም። ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማ።»

«አሁን?»

«ወልቂጤ ከደረስን ድፍረቱን አላገኘውም።»

መኪናው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ከፊቱ በጎች እየነዱ የሚያልፉ ሰዎች ነበሩና የመናኸሪያው በር ላይ ቆመ። ትርንጎ ከቆመችበት ሆና በመስኮቱ መስተዋት ውስጥ ታያቸው ነበር። ባሂራ ልጇን ወደ ራሷ አዙራ፣ ሁለት እጇን ይዛ ትናገራለች። ኡሚ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፤ አንድ ነገር ጠየቀች፤ እናቷ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ልጅቷ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ትርንጎን አየቻት። አላለቀሰችም። በጎቹ አልፈው መኪናው መንገድ እስኪገባ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም፤ ትርንጎም አልነቀለችም።